ሐሳባችን ከየት ይመጣል?

አንድ ጠቦት ጠፋ እንበል። ባለቤቱ ጠዋት በረቱን ሲከፍት ደጅ ላይ ደም ያያል። ማን በላው? እረኛው ልጅ ከሁሉ ቀድሞ “ቀይ ቀበሮ ነዋ!” ይላል። አባትየውም “እውነቱን ነው፣ ትናንትና ከመንጋው መሀል ሲዞር አይቼዋለሁ” ይላል። እስከ ማታ መንደሩ ሁሉ ይህንኑ ያወራል። ታዲያ ጠቦቱ ሲበላ በዓይኑ ያየ ሰው አለ ወይ? የለም።

በባሌ ደጋ የምንኖር ገበሬዎች ቀይ ቀበሮን እናውቀዋለን። ከጎባ ወደ ሳነቴ ስንወጣ በጠራራ ፀሐይ ሲሄድ እናየዋለን። ይህ አውሬ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ሁሉ ቢቆጠሩ 500 ገደማ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡትም የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው።

ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ተከታትለውታል። ኩሱን ሳይቀር እየሰበሰቡ መርምረዋል። ያገኙት ከሞላ ጎደል የፍልፈልና የአይጥ ፀጉርና አጥንት ነው። የበግ ፀጉር የተገኘው እጅግ በጥቂቱ ነው። ከከብት መሀል የሚገባውም ከብቱን መከለያ አድርጎ ፍልፈሉን ለማድባት ነው። በግ ፈጅ እየተባለ የሚሰደበው የፍልፈል አዳኝ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ የተሳሳተው ሐሳብ ከየት መጣ?

አንደኛ ከስሙ ነው። ልጆች ሳለን በእሳት ዳር በሰማነው ተረት ሁሉ ቀበሮ ሌባና ተንኮለኛ ነው። አውሬውን ሳናይ ገና በስሙ ፈረድንበት። በ1980ዎቹ ዘሩ ሲመረመር ግን ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ የቀረበ ሆኖ ተገኘ። (ተኩላም ቢሆን ደግ ስም የለው!) በኦሮምኛ “ጀዳላ ፈርዳ” ይባላል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ባዝራ ስትወልድ እየተከተለ እንግዴ ልጁን ስለሚበላ ነው ይባላል። ይህን ስም ያወጣው ሰው ቆሞ ያየ ሰው ነው።

ሁለተኛ ዓይናችን ራሱ ያሳስተናል። ጅብ የሚመጣው በጨለማ፣ እኛ ስንተኛ ነው። ቀይ ቀበሮ ግን በቀን ይታያል። በባሌ ከብትና በግ አብዝቶ የሚፈጀው ጅብ ሆኖ ሳለ፣ ያየነውን ከሰን ያላየነውን እንለቃለን።

ደግሞ እረኛውን አንርሳ። ለምን ቸኮለ? ምናልባት ማታ የበረቱን መዝጊያ ረስቶት ይሆናል። ወሬ የሚጀምር ሰው አንዳንዴ የሚሸሽገው ነገር አለው። ወሬው ከአሥር ሰው አፍ ሲመጣ አሥር ምስክር ያገኘን ይመስለናል፤ አሥሩም የሰሙት ግን ከዚያው ከአንዱ ልጅ ነው። ሮቤ ገበያም እንዲሁ ነው። “በሚቀጥለው ሳምንት ስንዴ ይረክሳል” ሲባል ሰምተን አህያችንን ጭነን እንሮጣለን። ወሬውን ማን ጀመረው? ገዢው ራሱ ይሆን? ብለን ግን አንጠይቅም።

መጥፎ ስም እንደሚያሳውረን ሁሉ ጥሩ ስምም ያሳውረናል። ውሻ ታማኝ ነው፣ ጠባቂያችን ነው። ስለዚህ አንጠረጥረውም። ነገር ግን በ1984 ዓ.ም. ገደማ በዌብ ሸለቆ የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጀ። በ1996 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። በሽታውን ወደ አውሬው ያሻገረው ከመንደር ወደ ግጦሽ የሚወጣው የእኛው ውሻ ነው። ለዚህ ነው በባሌ ውሾችን መከተብ የተጀመረው።

ይህ በሽታ ሰውንም ይገድላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውኃና በሳሙና ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብ፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባት ይጀምር። “የራሳችን ውሻ ነው፣ ምንም አይልም” እያልን ቀን አናሳልፍ።

ለውይይት፦ ከብድሬም ሆነ ከጎባ፣ በመንደራችሁ “ሁሉም ያውቀዋል” የሚባል አንድ ነገር ምረጡ። መጀመሪያ ያየው ማን ነው? እናንተስ ከማን ሰማችሁት? በደብተራችሁ ጻፉና ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።