የፕሮጀክት መጠናቀቅና የፕሮጀክት ስኬት፦ መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ማሳያነት

መግቢያ

በተቋማት ውስጥ የሚከናወኑ ሥራዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው በየጊዜው የሚደጋገመው መደበኛ ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው መነሻና መድረሻው የተወሰነለት፣ ከዚህ ቀደም በዚያው መልኩ ያልነበረ ውጤት የሚያስገኘው ፕሮጀክት ነው። ደመወዝ መክፈል መደበኛ ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሚከፈልበትን አዲስ የኮምፒዩተር ሥርዓት መዘርጋት ግን ፕሮጀክት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም ከዚሁ ልዩነት ይነሣል፦ ፕሮጀክቱ አብቅቶ መደበኛው ሥራ ሲጀመር ውጤቱን የሚረከበው ማን ነው? በምንስ አቅም?

መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች

ፕሮጀክት በተለምዶ የሚመዘነው በሥራው ወሰን፣ በጊዜና በወጪ ነው። ሦስቱ የተሳሰሩ በመሆናቸው አንዱ ሲለወጥ ሌሎቹም ይነካሉ። ወሰኑ እየሰፋ ጊዜውና በጀቱ ባሉበት እንዲጸኑ ከተፈለገ፣ የሚጎዳው ጥራት ነው።

በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተመሠረተው የፕሮጀክት ማኔጅመንት ኢንስቲትዩት ያስተዋወቀው የታወቀ አከፋፈል ሂደቱን በአምስት ይመድበዋል፦ ማስጀመር፣ ማቀድ፣ ማስፈጸም፣ መከታተልና መቆጣጠር፣ መዝጋት። ከእነዚህ ውስጥ በቀላሉ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። መዝጋት ማለት ሪባን መቁረጥ ብቻ አይደለም፤ ውጤቱን ከነሰነዱ፣ ሊያንቀሳቅሰው ለሚችል አካል በሥርዓት ማስረከብ ነው።

ማሳያ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ግንባታ በ2004 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው መስመር በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት መስጠት ጀመረ። ለሁለቱ መስመሮች ከወጣው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። በከተማዋ 34 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የባቡር መስመር በአራት ዓመት ገደማ ለአገልግሎት መብቃቱ፣ በግንባታ መለኪያ ሲታይ ትልቅ ክንውን ነው።

ይሁን እንጂ በኋለኞቹ ዓመታት ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ከሥራ ውጭ ሆነዋል። የጉዞ ክፍያው በብር የሚሰበሰብና ዝቅተኛ ሲሆን፣ መለዋወጫው የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ችግሩ የታየው በአገልግሎት ዘመን ይሁን እንጂ፣ መፍትሔው ሊበጅለት የሚገባው በማቀድ ምዕራፍ ነበር።

ማጠቃለያ

ከዚህ ማሳያ ሁለት ነጥቦችን መውሰድ ይቻላል። አንደኛ፣ ተረካቢው ክፍል ከማስጀመሪያው ሰነድ ጀምሮ ሊታወቅ፣ በዕቅድ ዝግጅትም ሊሳተፍ ይገባል፤ የጥገናና የሥራ ማስኬጃ ወጪውም ከግንባታው በጀት ጋር አብሮ መሰላት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ የፕሮጀክት አፈጻጸምን የምናጠና ተማሪዎች መረጃ የምንሰበስበው በርክክብ ዕለት ብቻ ከሆነ፣ የምንመዝነው መጠናቀቅን እንጂ ስኬትን አይደለም። ስኬት የሚታወቀው ተቋራጩ ከሄደ በኋላ፣ አገልግሎቱ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው።