ርቆ ሄዶ መማር፦ ከወጣቶች ደሴት ልጆች የምንማረው

ውድ እጩ መምህራን፣

ለትምህርት ብሎ ከቤት መውጣት በእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የኔታን ፍለጋ ስንት ወንዝ ሲሻገር ኖሯል። ዛሬም ከደንቢያ ገጠር ወደ ኮላ ድባ መጥቶ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ስንቅ ከእናቱ እየተቀበለ የሚማር ልጅ ሞልቷል። ከእነዚህ ሁሉ ርቀው የሄዱ ልጆች ግን አሉ። የእነሱን ታሪክ ብንመረምር ለሙያችን የሚበጅ ነገር እናገኛለን።

በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን በተደረገው ጦርነት ብዙ ሕፃናት አባቶቻቸውን አጡ። ከጦርነቱ በኋላ፣ ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ከ2 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደ ኩባ ተልከው በወጣቶች ደሴት መማር ጀመሩ። ደሴቷ ከዋናው የኩባ ምድር በስተደቡብ ትገኛለች፤ እስከ 1970 ዓ.ም. የጥድ ደሴት ትባል ነበር። የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የናሚቢያ ልጆችም እዚያው ተምረዋል።

ልጆቹ ምን ምን መልመድ ነበረባቸው?

1ኛ/ ቋንቋ፦ ትምህርቱ የሚሰጠው በስፓንኛ ነው። እኛ «ልጁ ዳቦ በላ» እንላለን፤ በስፓንኛ ግን አሰካኩ «ልጁ በላ ዳቦ» ነው። ስለዚህ ልጁ ቃል ቢያጠናም ዓረፍተ ነገሩ ይምታታበታል። ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ሥርዓት አብሮት ስለ ሄደ ነው። አማርኛና የአገራቸውን ታሪክ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን መምህራንም አብረዋቸው ነበሩ። አዲሱ ቋንቋ የተጨመረላቸው የቀድሞውን ሳይነጠቁ ነው ማለት ነው።

2ኛ/ ሰዓትና ምግብ፦ በእኛ አቆጣጠር ጧት ሁለት ሰዓት የሆነው እዚያ ስምንት ይባላል። «በስምንት ሰዓት ተገኙ» ቢሉት፣ አገሩ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት የለመደ ልጅ ምን ይበል? ገበታው ላይ እንጀራ የለም፤ የኩባ ሰው የዘወትር ምግብ ሩዝና ቦሎቄ ነው። ዛሬ ሩዝ ለሚያመርተው የደንቢያ ገበሬ ይህ ብርቅ ባይሆንም፣ በዚያን ዘመን ለብዙው ልጅ እንግዳ ነበር። ሙቀቱና ወበቁም ለደገኛ ልጅ ቀላል አይደለም።

3ኛ/ ሥራ፦ ተማሪዎቹ ግማሹን ቀን በክፍል፣ ግማሹን ቀን በብርቱካንና በመሰል ፍራፍሬ እርሻ ያሳልፉ ነበር። ለገበሬ ልጅ ሥራ አዲስ አይደለም። አዲስ የሚሆንበት በደወል መነሳቱ፣ በሰልፍ መሄዱና ሁሉን በጋራ ማድረጉ ነው።

4ኛ/ ናፍቆት፦ ከሁሉ የሚከብደው ይኸ ነው። ስልክ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ውቅያኖስ ማዶ ያለ ልጅ ተስፋው ደብዳቤ ነው። በዚያ ላይ አባቱ በጦርነት የሞተበት ልጅ፣ ስም ሲጠራ በየማለዳው የአባቱን ስም ይሰማል። መምህሩ ያንን ስም አጣርቶ ቢጠራውና አንጋዶ ቢጠራው እኩል ይመስለናል? በፍጹም።

ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ኋላ ሐኪም፣ መሐንዲስና ሌላም ባለሙያ ሆነዋል። ችግሩን የተወጡት ግን በአንድ ጀንበር አይደለም።

እንግዲህ ወደ እኛ እንመለስ። ነገ በምትመደቡበት ትምህርት ቤት ስንቁ ሐሙስ ላይ ያለቀበት፣ ወይም በቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ዝም ስላለ ብቻ «ሰነፍ» ብላችሁ አትለፉት። ከሁለት ወር በኋላ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ምክንያቱ ሒሳቡ ከብዶት ላይሆን ይችላል፤ «የት ታድራለህ? ማን ያበስልልሃል?» ብሎ የጠየቀው ሰው ስላጣ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት፦
ሀ/ የእያንዳንዱን ተማሪ ስም ከነአባቱ በትክክል ያዙ፤
ለ/ ከሩቅ የመጡትን ለይታችሁ ማደሪያቸውን እወቁ፤
ሐ/ አዲሱን ልጅ ቀድሞ ከመጣ የሰፈሩ ልጅ ጋር አስቀምጡ።

የመወያያ ጥያቄ፦ እናንተ ራሳችሁ ከቤት ወጥታችሁ መማር ስትጀምሩ መጀመሪያ ያስቸገራችሁ ምን ነበር? ያኔ ማን ደረሰላችሁ?