ስለ ቡንሰን በርነርና ስለ እሳቱ አያያዝ

በምርመራ ክፍል ጠረጴዛ ላይ በጎማ ቱቦ ጋዝ የሚቀበል አንድ ቀጥ ያለ የብረት ቧንቧ ይገኛል፤ ስሙም ቡንሰን በርነር ይባላል። ስሙን ያገኘው በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ከነበረው ከሮበርት ቡንሰን ሲሆን፤ እ.ኤ.አ. በ1855 በመምህሩ አሳብ መሣሪያውን የሠራው ግን ባለሙያው ፔተር ዴሳጋ ነው። እንደ ልማድ ሆኖ የዴሳጋን ስም የሚያነሣው ጥቂት ነው።

የአሠራሩ ምሥጢር ጋዙ ከመቀጣጠሉ አስቀድሞ ከአየር ጋር መደባለቁ ነው። ጋዙ ከግርጌ በጠባብ ቀዳዳ በኃይል ሲወጣ፤ በቧንቧው ጎን ባለው መስኮት አየር ስቦ ያስገባል። መስኮቱ በተሽከርካሪ ቀለበት ሲዘጋ ነበልባሉ ብጫ ይሆናል፤ የነካውንም ዕቃ በጥላሸት ያጠቁራል። ሲከፈት ሰማያዊ ይሆናል፤ በመካከሉም ሾጣጣ ነበልባል ይታያል። ከሁሉ ይልቅ የሚያቃጥለው ከሾጣጣው ጫፍ ጥቂት ከፍ ያለው ስፍራ ሲሆን፤ ሙቀቱ ወደ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። የሾጣጣው ውስጥ ግን ገና ያልተቃጠለ ጋዝ ነውና ቀዝቃዛ ነው።

ይህን አለማወቅ የመርማሪውን ሳንባ ለአደጋ ያጋልጣል። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ሲደረግ አክታው በሽቦ ቀለበት ተነሥቶ በመስተዋት ላይ ይቀባል፤ ሽቦውም ለሌላ በሽተኛ ከመዋሉ በፊት እንደ ፍም እስኪቀላ ይቃጠላል። ነገር ግን አክታ ያለበት ሽቦ በድንገት ከጋለው ስፍራ ቢገባ እርጥበቱ ፈልቶ ይፈናጠራል፤ ገና ያልሞቱት ተሐዋስያንም ከጠብታው ጋር በአየር ይበተናሉ። እንግዲህ ያጸዳል የተባለው እሳት በሽታ ዘሪ ሆነ ማለት ነው! ስለዚህ ሽቦውን አስቀድሞ አሸዋና 70 ከመቶ አልኮል ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ማጽዳት፤ ቀጥሎም ከእጀታው ወገን ጀምሮ ቀስ እያሉ ወደ ጫፉ ማጋል ይገባል። ጠርሙሱ ከእሳቱ ይራቅ። በአንዳንድ ስፍራ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የእንጨት ስንጥር ሽቦውን መተካቱ የሚመሰገን ነው።

የተቀባው መስተዋት በአየር ከደረቀ በኋላ፤ አክታው ያለበት ወገን ወደ ላይ ሆኖ፤ ሦስት ጊዜ ያህል ፈጠን ተብሎ በነበልባሉ ላይ ይለፋል።

ጋዙ አንሶ አየሩ ሲበዛ እሳቱ ወደ ቧንቧው ውስጥ ተመልሶ ከግርጌ ይነዳል። ያን ጊዜ ጋዙን መዝጋት፤ ቧንቧው እስኪበርድ መጠበቅ፤ መስኮቱንም ዘግቶ እንደገና ማቀጣጠል ነው። ሥራው ለጥቂት ጊዜ ሲቋረጥ ደግሞ ሰማያዊው ነበልባል በቀን ብርሃን በግልጽ አይታይምና፤ መስኮቱ ተዘግቶ እሳቱ ብጫ ሆኖ ይቆይ። ጋዝ በሌለበት ጤና ጣቢያ የአልኮል መብራት ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ እርሱም በእፍታ ሳይሆን በክዳኑ ይጠፋል።