የአሮጌ መኪና ቴፕ ስለ መለወጥ፤ ለባለሱቆችና ለአስመጪዎች የሚጠቅም ትምህርት

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞና በአይከል በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኘው የሸሕዲ ከተማ የሰሊጥና የጥጥ አገር ገበያ ናት። አዝመራው በሚሰበሰብበት ወራት የጭነት መኪናው፥ ሚኒባሱና ፒክአፑ ይመላለሱባታል። ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሾፌር የመኪናው ቴፕ የቅንጦት ዕቃ ብቻ አይደለም፤ ወሬ የሚሰማበትና እንቅልፍ የሚያባርርበት ጓደኛው ነው። ካሴት ከገበያ ከጠፋ ብዙ ዘመን ቢሆንም፥ በፍላሽ የሚሠራውን አዲሱን መሣሪያ ሕዝቡ አሁንም «ቴፕ» እያለ ይጠራዋል።

ይህ ንግድ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ስለ ሦስት ምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ተደረገ፤ ስለዚህም ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በብር ሲቆጠር ዋጋው ከፍ አለ። ከዚህ የተነሣ ያለውን መኪና ጠግኖና አሳምሮ መያዝ የብዙ ባለመኪና ሐሳብ ሆኗል።

ነገር ግን የቴፕ ንግድ በካርቶን የታሸገ ዕቃ አንሥቶ በመስጠት አያበቃም። ጨው የሚሸጥ ነጋዴ ሚዛኑን ካስተካከለ ሥራው አለቀ፤ ቴፕ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ዕቃው የሚገባበትን መኪና ሳይጠይቅ ቢሸጥ፥ የሸጠው ዕቃ ተመልሶ በጠብ ይመጣበታል። ትርፉ የሚጸናው ለመኪናው የሚስማማውን መርጦ በሚገባ ላስገጠመ ሰው ነው። ለዚህም መታወቅ የሚገባቸው ነገሮች ከዚህ በታች በተራ ተዘርዝረዋል።

አንደኛ፤ ጉድለቱ የቴፑ መሆኑን ስለ ማረጋገጥ

ደንበኛው «ድምፁ ተበላሸ፥ አዲስ ቴፕ ስጠኝ» ብሎ ሲመጣ፥ በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የተበላሸው ስፒከሩ ነው። በበሩ ውስጥ የተቀመጠው ስፒከር የወረቀት ክፍሉ በክረምት እርጥበት ይበሰብሳል፤ በዳሩ ያለው ስፖንጅም በሙቀት ይፈረፈራል። ይህን ለመለየት ደኅና መሆኑ የታወቀ አንድ ስፒከር ወስዶ ከአሮጌው ቴፕ ሽቦ ጋር ማገናኘት ይበቃል። ድምፁ ጥርት ብሎ ከወጣ፥ ደንበኛው የሚያስፈልገው ቴፕ ሳይሆን ስፒከር ነው። ይህን እውነት የነገረው ባለሱቅ የዚያን ቀን ያነሰ ገንዘብ ቢቀበልም ደንበኛውን ለዘለቄታው ያገኘዋል።

ራዲዮው አልይዝ ያለ እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ የሚታየው አንቴናው ነው። የኤፍ ኤም ማዕበል እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ ተራራና ርቀት ይከለክሉታል። መካከለኛው ሞገድ ግን በተለይ በሌሊት እጅግ ሩቅ ይደርሳል። ስለዚህ ከከተማ ርቆ ለሚነዳ ሾፌር የሚታዘዘው ቴፕ ኤፍ ኤም ብቻ ሳይሆን መካከለኛ ሞገድም ያለው ቢሆን ይሻላል፤ ከርካሾቹ አዳዲስ ዕቃዎች ብዙዎቹ ይህ ይጐድላቸዋል።

ሁለተኛ፤ ስለ ጃፓን መኪናዎች ራዲዮ

ለጃፓን ገበያ ተሠርተው የመጡ መኪናዎች ራዲዮናቸው የተለየ ነው። በጃፓን ኤፍ ኤም የሚሠራው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርትዝ ነበር፤ በኋላም እስከ 95 ደርሷል። በአገራችን ግን ጣቢያዎቹ ከ87.5 እስከ 108 ባለው ውስጥ ይሠራሉ። ስለዚህ በእንዲህ ያለው ራዲዮ በአዲስ አበባ በ102.1 የሚሰማውን ሸገርን ወይም በ98.1 የሚሰማውን ፋናን መያዝ አይቻልም።

ለዚህ የሚሸጠው ትንሽ መለወጫ በአንቴናውና በራዲዮው መካከል ይገባና ሞገዱን ዝቅ ያደርገዋል። በ20 ሜጋኸርትዝ ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት ሲገባ 102.1 በ82.1 ላይ፥ 98.1 ደግሞ በ78.1 ላይ ይሰማል። ነገር ግን ከ96 በታች ያለ ጣቢያ ከራዲዮው መነሻ በታች ይወድቃል፤ በ94.3 የሚሰማው አሐዱ 74.3 ላይ ስለሚውል አይያዝም። ባለሱቁ መለወጫውን ሲሸጥ ይህን ጉድለት አስቀድሞ ሊናገር ይገባዋል። ከዚህም በላይ ከእነዚህ ራዲዮኖች አንዳንዶቹ ባትሪ ሲነቀል በምስጢር ቁጥር ይቆለፋሉ። እንዲህ በሆነ ጊዜ ቴፑን ፈጽሞ መለወጥ ከመለወጫው ይልቅ ያዋጣል።

ሦስተኛ፤ ስለ 12 ቮልትና ስለ 24 ቮልት

የቤት አውቶሞቢልና ሚኒባስ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት ይሠራሉ፤ ከጭነት መኪናዎች ግን ብዙዎቹ ሁለት ባትሪ ተያይዞላቸው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ሞተሩ ሲነሣ ይህ ወደ 28 ቮልት ይወጣል። ለ12 ቮልት የተሠራ ቴፕ በዚህ ላይ ቢገናኝ ወዲያው ይቃጠላል።

አንዳንድ ሠራተኞች ይህን ለማምለጥ ቴፑን ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ ያገናኙታል። ቴፑ በእርግጥ ይሠራል፤ ነገር ግን ያ ባትሪ ዘወትር እየጐደለ ሌላኛው ከመጠን በላይ ስለሚሞላ፥ ውሎ አድሮ ሁለቱም ይበላሻሉ። የቴፑን ዋጋ ያተረፈ ሾፌር የሁለት ባትሪ ዋጋ ይከፍላል ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ መለወጫ ማስገባት ነው። ወደ ሸሕዲ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ ከቴፑ ጋር ይህን ዕቃ አብሮ ቢያዝ ይጠቀማል።

አራተኛ፤ በካርቶን ላይ ስለሚጻፈው ዋት

በብዙ ካርቶኖች ላይ «4 በ50 ዋት» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የቅጽበት ጣሪያ እንጂ ዘወትር የሚገኝ ኃይል አይደለም፤ ማንም ነጋዴ በሂሳብ ሊመረምረው ይችላል። ሞተሩ ሲነሣ የሚገኘው 14.4 ቮልት በራሱ ሲባዛ 207 ያህል ይሆናል። ይህ ለስፒከሩ 4 ኦም እጥፍ፥ ማለትም ለ8 ሲካፈል፥ የሚገኘው 26 ዋት ያህል ነው። በሥራ ላይ የሚገኘው ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ ከካርቶኑ ቁጥር ይልቅ በመመሪያው ውስጥ «አር ኤም ኤስ» ተብሎ የተጻፈውን ማየት ይገባል።

ስለ ኦምም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ባለ 4 ኦም ሁለት ስፒከሮች በአንድ መስመር ጎን ለጎን ቢገናኙ 2 ኦም ይሆኑና ብዙውን ቴፕ ያቃጥሉታል። እንዲሁም እጅግ አሮጌ በሆኑ አንዳንድ መኪናዎች የስፒከሩ ኔጌቲቭ ሽቦ ከመኪናው ብረት ጋር የተያያዘ ነው፤ በአዲሱ ቴፕ ግን እያንዳንዱ ስፒከር ሁለት የራሱ ሽቦዎች ያስፈልጉታል። ይህ ሳይታወቅ የተገጠመ ቴፕ ገና በመጀመሪያው ቀን ሊበላሽ ይችላል።

አምስተኛ፤ ስለ ሽቦና ስለ ፊውዝ

በአዲሱ ቴፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫው ሽቦ ዘወትር ኃይል የሚቀበል፥ ቀዩ ቁልፉ ሲዞር ብቻ የሚቀበል፥ ጥቁሩም ከመኪናው ብረት ጋር የሚያያዝ ነው። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ግን ከፋብሪካ የመጣው ቀለም ሌላ ነው፤ ዘወትር ኃይል ያለው ቢጫ መሥመር ያለበት ሰማያዊ፥ በቁልፍ የሚሠራው ግራጫ፥ ከብረት ጋር የሚያያዘው ቡናማ ነው። ስለዚህ በቀለም ሳይተማመኑ በመለኪያ ማረጋገጥ ግዴታ ነው። የፋብሪካውን መሰኪያ ቆርጦ በናስትሮ ከመጠቅለልም ለመኪናው ዓይነት የተዘጋጀውን ማገናኛ ገዝቶ መሰካት ይሻላል። ናስትሮ በቆላው ሙቀት ማጣበቂያው ቀልጦ ይፈታል፤ የተፈታውም ሽቦ ብረት ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ይህ የደረቀ ሰሊጥ በጆንያ ለጫነ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ቀዩና ቢጫው አንድ ላይ ተጠምዝዘው ዘወትር ኃይል ካለው ሽቦ ቢገናኙ፥ መኪናው ቆሞም ቴፑ ሳይጠፋ ሊያድር ይችላል። ግማሽ አምፔር ቢወስድ እንኳ በ24 ሰዓት 12 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ በዚህ ሁኔታ አራት ቀን አይሞላም፤ በአሮጌነት የደከመውማ ቀድሞ ይወድቃል።

አምፕሊፋየር ለሚጨምር ደንበኛ የኃይሉ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ይነሣል፤ ፊውዙም ከባትሪው ከ45 ሳንቲሜትር ሳይርቅ መቀመጥ አለበት። እውነተኛ 200 ዋት የሚያወጣ የተለመደ አምፕሊፋየር ግማሹ ኃይል በሙቀት ስለሚጠፋ 400 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይህም በ13.8 ቮልት 29 አምፔር ነው። ቀጭን ሽቦ ይህን ሊሸከም አይችልም። ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር ትልቅ ፊውዝ ወይም የሽቦ ቁራጭ መተካት ደግሞ ጠባቂውን አባርሮ ሌባውን ማስገባት ነው።

ስድስተኛ፤ ለቆላ አገር ስለሚታዘዝ ዕቃ

በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። በኤሌክትሮኒክ ዕቃ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በሥራው የታወቀ ነው። ስለዚህ ለሸሕዲና ለመተማ ገበያ ትልቅ መስተዋት ካለው ርካሽ ቴፕ ይልቅ ቀላል የሆነውና በቁልፍ የሚታዘዘው ይበረታል። ስፒከሩም ፕላስቲክ ሆኖ ዳሩ ጎማ የሆነው ይመረጥ።

ስለ ልክም፥ የተለመደው ጠባብ ቴፕ 180 በ50 ሚሊሜትር፥ ሰፊው 180 በ100 ሚሊሜትር ነው። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች ያለው ሰፊ ክፍት ቦታ ግን 200 ሚሊሜትር ወርድ ስላለው፥ በሁለቱ ጎን የሚገባ መሙያ ያስፈልገዋል። ይህች ትንሽ ፕላስቲክ ሳትታዘዝ ስትቀር ዕቃው ሲንቀጠቀጥ ይኖራል።

እንግዲህ ባለሱቁ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት አምስት ነገር ጠይቆ በደረሰኙ ጀርባ ቢጽፍ ይጠቅመዋል፤ የመኪናው ዓይነትና ዘመን፥ ቮልቱ፥ የክፍት ቦታው ልክ፥ የስፒከሩ ኦም፥ የመሰኪያው ዓይነት። አስመጪውም ከእነዚህ መዝገቦች ገበያው ምን እንደሚፈልግ ተረድቶ፥ ቀረጥ የተከፈለበትን ዕቃ ከማገናኛውና ከመሙያው ጋር አሟልቶ ያዛል። ወደ ሸሕዲ የሚመላለሰው ሾፌር ቴፑ በመንገድ ላይ ባልከዳው ጊዜ የገዛበትን ሱቅ ለጓደኞቹ ይናገራል፤ በከዳው ጊዜም እንዲሁ ይናገራል።