ቆሽትና የደም ስኳር ሚዛን

በአገራችን ሰው አብዝቶ ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ቆሽት ግን ከዚህ ቃል በቀር እምብዛም የማናነሣው፥ ከጨጓራ በስተኋላ የተጋደመ፥ ርዝመቱ 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ብልት ነው። አብዛኛው ክፍሉ ምግብ የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት ይልካል። በመካከሉ ግን እንደ ደሴት የተበታተኑ የሕዋሳት ክምችቶች አሉ። እነዚህንም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1869 በበርሊን ገልጾ የጻፈው ፓውል ላንገርሃንስ፥ ያን ጊዜ እንደኛው ተማሪ ነበረ።

ደሴቶቹ ወደ ደም ከሚያፈሷቸው ሆርሞኖች ዋናዎቹ ኢንሱሊንና ግሉካጎን ናቸው። ምሳ በልተን ስንነሣ የእንጀራው ስታርች ግሉኮስ ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ቤታ የሚባሉት ሕዋሳት የስኳሩን መጨመር ዐውቀው ኢንሱሊን ይለቃሉ፤ እርሱም ግሉኮስ ወደ ጡንቻና ወደ ስብ ሕዋሳት እንዲገባ ያደርጋል፤ ጉበትም ትርፉን በግላይኮጅን መልክ እንዲያከማች ያዛል። እንግዲህ ጉበት ጎተራ ነው ማለት ይቻላል። ሌሊት ስንተኛ ወይም ጾመን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንቆይ ኢንሱሊኑ ይቀንሳል፤ አልፋ የሚባሉት ሕዋሳትም ግሉካጎን ልከው ጎተራውን ያስከፍታሉ። ስለዚህ ጤነኛ ሰው ምግብ ሳይቀምስ አድሮ ቢመረመር፥ በ100 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ70 እስከ 99 ሚሊ ግራም ግሉኮስ ይገኝበታል።

ይህ ሚዛን ሲፋለስ የስኳር በሽታ ይመጣል። በአንዳንዱ ሰው ቤታ ሕዋሳት ይጠፋሉ፤ በሌላው ደግሞ ኢንሱሊን ቢኖርም ሰውነቱ በሚገባ አይታዘዘውም። በ1921 በቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት ከውሻ ቆሽት ኢንሱሊን አወጡ። በ1922 መጀመሪያም ተጣርቶ የተዘጋጀው መድኃኒት ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ተሰጥቶ ከሞት አተረፈው።

ነገር ግን በመርፌ የገባ ኢንሱሊንና ከቆሽት የወጣው በአንድ ነገር ይለያያሉ። ቆሽት ስኳሩ ሲቀንስ ሥራውን ይገታል፤ መርፌው ግን ሰውዬው ይብላ አይብላ አያውቅም። መድኃኒቱን ወስዶ ለፈተና ሲሯሯጥ ምሳው ያለፈው ጓደኛችን ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። የአንጎል ዋና ምግቡ ግሉኮስ ስለሆነ፥ ያ ሰው ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ንግግሩም ይዘበራረቃል። ይህን ያየን ሰዎች «ሰክሯል» ወይም «ዛር ሰፍሮበታል» ብለን ልንተወው አይገባንም። መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ውሃ ወይም ሻይ ቶሎ እናጠጣው፤ ሲሻለውም ምግብ እናብላው። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳንጨምር በጎኑ አስተኝተን በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት እናድርሰው።

የስኳር በሽታ ያለበት ተማሪም ሕመሙን ከመኝታ ቤት ጓደኞቹ ባይሸሽግ መልካም ነው። የሚጾም ቢሆን አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር። እኛም የተማርነውን ለፈተና ብቻ ሳይሆን አጠገባችን ላለው ወንድምና እህት እንድናውለው ያስፈልጋል።