ከጎረቤት የሚሰወር፣ ከሐኪም የማይሰወር

ጥያቄ

«ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው፤ ባለፈው ዓመት አግብቼ ወደ አዳማ መጥቻለሁ፤ ባለቤቴ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠራል። የወር አበባዬ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ጥር 12 ቀን ነበር፤ ይህን ደብዳቤ እስከጻፍሁበት እስከ የካቲት 26 ቀን ድረስ ግን አልመጣም። ጧት ጧት ያቅለሸልሸኛል፣ ወደ ላይ ይለኛል፤ ጡቴን ያመኛል፤ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ቡና ነፍሴ ነበር፤ አሁን ጎረቤት ሲቆላ ጢሱ ወደ ቤቴ ከገባ መቆም ያቅተኛል። ጎረቤቴ ጨጓራ ነው፣ ጾሙ ነው ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ የቆላ ወባ ይዞሻል ብሎ እሱ ታሞ በነበረ ጊዜ ከተሰጠው የተረፈውን ክኒን ዋጪ ይለኛል። አማቴ ግን ዐየት አደረጉኝና ሲወጡ በጆሮዬ፣ ሦስት ወር እስኪሞላሽ ለማንም እንዳትተነፍሺ፣ የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም አሉኝ። ማንን ልስማ?

ግራ የገባኝ፣ ከአዳማ»

መልስ

ልጄ ሆይ፤ ከሦስቱ መካሪዎችሽ መካከል ወደ እውነቱ የቀረቡት አማትሽ ይመስሉኛል፤ ጎረቤትሽና ባለቤትሽ የጥር 12ን ነገር ሳይጠይቁ ወደ ጨጓራና ወደ ወባ ሲሮጡ፣ እሳቸው ግን አንድ ጊዜ ተመልክተውሽ ነገሩን ተረድተውታል። ከሞጆ እስከ መተሐራ፣ ከመቂ እስከ ባቱ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ሰው ደከመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ባለ ቁጥር ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ጨጓራ ነው ብሎ መፍረድ የተለመደ ነው፤ አገሩ ቆላ ነውና ይህ ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አይደለም፤ ሆኖም ባል ያላት፣ ወሯም የማይዛባባት ሴት ልማደ አንስቷ በቀረ ጊዜ ከደዌ ሁሉ አስቀድማ ልትጠረጥር የሚገባት ጽንስን ነው።

በሰውነትሽ የሚታየውን ምልክት ከነምክንያቱ ላስረዳሽ። ጽንስ ከተፀነሰ በኋላ በአንድ ሳምንት ገደማ፣ አንዳንዴም ዘግየት ብሎ፣ በማኅፀን ግድግዳ ላይ ይተከላል፤ በዚያን ጊዜ ጥቂት ቀላ ያለ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ በልብስ ላይ ሊታይ ስለሚችል፣ ብዙ ሴቶች የወር አበባ መጣ ብለው ቀኑን ይሳሳታሉ። የተተከለውም ጽንስ ኤችሲጂ የሚባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም የእንቁላል ዕጢው ፕሮጄስትሮን የተባለውን ሌላ ሆርሞን ከማፍለቅ እንዳይቦዝን ያደርገዋል፤ ፕሮጄስትሮኑም የማኅፀኑ ሽፋን ፈርሶ በደም እንዳይወርድ ስለሚጠብቅ፣ የወር አበባው ይቀራል። በጠራራ ፀሐይ የሚጥልሽ እንቅልፍ፣ የሆድ መነፋትና ድርቀት ከዚሁ ከፕሮጄስትሮን የሚመጡ ናቸው፤ ጡትሽ የሚያምሽ ከአሁኑ ለማጥባት ስለሚሰናዳ ነው፤ በጫፉ ዙሪያ ያለው ክብም እየጠቆረ ይሄዳል፤ ወደ ሽንት ቤት የሚያመላልስሽ ነገር ቢኖር ኩላሊትሽ ከቀድሞው የበዛ ደም ስለሚያጣራ ነው።

ማቅለሽለሹ አብዛኛውን ጊዜ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ይጀምራል፣ በዘጠነኛው ገደማ ይበረታል፣ ከዐሥራ ሁለተኛው እስከ ዐሥራ አራተኛው ባለው ጊዜ ውስጥ ለብዙዎች ይተዋቸዋል፤ ጧት ብቻ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ሊኖርም ይችላል። ስለ ቡናው የጻፍሽው ነገር በአገራችን እናቶች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ቡና የምትቆላ ወጣት ሙሽራ በድንገት መቁያውን ለሌላ አስረክባ፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጥላ ወደ ደጅ ስትወጣ፣ በረከቦቱ ዙሪያ የተቀመጡት እናቶች አንዲት ቃል ሳይናገሩ ይተያያሉ። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ምልክቶች ናቸው እንጂ ማረጋገጫ አይደሉም፤ ጡት የወር አበባ ሊመጣ ሲልም ያማልና፤ በሌላ በኩል ደግሞ ምንም ሳያቅለሸልሻት ጤነኛ ልጅ የምትወልድ ሴት ብዙ ናት።

ማረጋገጫው በፋርማሲ የሚሸጠው የሽንት መመርመሪያ ነው። የሌሊቱ ሽንት የተጠራቀመ ስለሆነ ከእንቅልፍሽ እንደተነሣሽ መርምሪ፤ ወርሽ ሊመጣ ይገባው የነበረው የካቲት 10 ገደማ ነውና፣ ዛሬ ውጤቱ የሚያጠራጥር አይሆንም። የለም ካለሽና ወርሽም በዚያው ከቀረ፣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው፤ ያን ጊዜም የለም ካለ፣ የወር አበባ በብርቱ ሐሳብ፣ በክሳት፣ በእንቅርት ዕጢ መታወክ ወይም ቀድሞ በተወጋሽው የወሊድ መከላከያ ምክንያት ሊቀር ስለሚችል ሐኪም ይየው።

ጽንስ መኖሩ ከተረጋገጠ፣ ቀኑን በበዓል ማስታወስሽ መልካም ሆኖልሻል። እርግዝና የሚቈጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ነው፤ በእኛም የዘመን አቈጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ፣ ስሌቱ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን መጨመር ብቻ ነው፤ ጳጉሜን በመካከል ከገባች ግን ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስትሆን ደግሞ ዘጠኝ ወር ከአራት ቀን ይሆናል። ስለዚህ ከጥር 12 ተነሥተሽ ብትቈጥሪ፣ ጳጉሜን 5 ከሆነች፣ መውለጃሽ ወደ ጥቅምት 17 ገደማ ይውላል፤ ደብዳቤሽን በጻፍሽበት ዕለትም ስድስት ሳምንት ከሁለት ቀን ሆኖሻል ማለት ነው።

አሁን ወደ ክኒኑ ልመለስ፤ ከጻፍሽልኝ ነገር ሁሉ ያስደነገጠኝ እርሱ ነውና። በአገራችን ካሉት የወባ ዓይነቶች አንዱ ቫይቫክስ ነው፤ እርሱ የያዘው ሰው በጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቀረው ተሕዋስ እንዳያገረሽበት ፕሪማኪን የተባለ ክኒን ለብዙ ቀናት ይታዘዝለታል፤ ሕመሙ ሲሻለው መዋጡን የሚተወው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ በባለቤትሽ መሳቢያ ውስጥ የተረፈውም ይኸው ሊሆን ይችላል። ፕሪማኪን ደግሞ የጽንሱን ቀይ የደም ሕዋሳት ሊያፈርስ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ አይሰጥም። ወባን ናቂው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም እንደ አንቺ ከደጋ መጥታ በቆላ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር ሴት ወባ ቢይዛት ሕመሙ ይጠናባታል፣ ደም ያሳንሳታል፣ ጽንሱንም ሊያስወርዳት ይችላል፤ ወንጂም የመስኖ አገር ስለሆነ ትንኙ ክረምት ብቻ አይጠብቅም። ስለዚህ ትኩሳት ከተሰማሽ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ከጣትሽ ደም ተወስዶ ይመርመር፤ ወባ ሆኖ ከተገኘ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ኮአርተም ተብሎ የሚታወቀው መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ በ2015 ዓ.ም. ፈቅዷልና መድኃኒት አይታጣልሽም፤ ብቻ ሐኪሙ ሊያዝልሽ ብዕር ሲያነሣ ወርሽ መቅረቱን አስቀድመሽ ንገሪው። ኮሶም ሆነ በብዛት የተቀቀለ ጤና አዳም ማኅፀን የሚያስቈጡ ናቸውና፣ ለጨጓራ ነው ብለው ቢያቀርቡልሽ አትቅመሺ።

ስለ አማትሽ ምክር ደግሞ እንዲህ እላለሁ። ጽንስን መሰወር የቆየ ሥርዓት ነው፤ ኤልሳቤጥም በእርጅናዋ በፀነሰች ጊዜ አምስት ወር ራሷን እንደ ሰወረች በሉቃስ ወንጌል ተጽፏል፤ ከሚወርደውም ጽንስ አብዛኛው የሚወርደው ሦስት ወር ሳይሞላው ስለሆነ፣ ወሬው ሳይነዛ መቈየቱ ሐዘን በደረሰ ጊዜ የጎረቤትን ጥያቄ ያስቀራል። ነገር ግን ጽንስ የሚወርደው በሰው ዓይን አይደለም፤ ከግማሽ የማያንሰው ገና ሲፀነስ በዘሩ አቀማመጥ ላይ በደረሰ ጉድለት የሚወርድ ነውና፣ ይህ የእናቲቱ ጥፋት ተደርጎ ሊቈጠር አይገባም። ከዚህም በላይ ልታስተውዪው የሚገባሽ፣ የምንሰውርበት ወራት አካል የሚሠራበት ወራት መሆኑን ነው፤ ለአንጎልና ለአከርካሪ መነሻ የሆነው የነርቭ ቱቦ ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ድረስ ይዘጋል፣ ልብም በዚያው ሰሞን መምታት ይጀምራል፣ ሌሎቹም ዋና ዋና ብልቶች በዐሥረኛው ሳምንት ገደማ መሠረታቸውን ይይዛሉ። ሦስት ወር ሞልቶ ለሐኪም የምትነግር ሴት ሥራው ካለቀ በኋላ ነገረች ማለት ነው፤ አባቶችም በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት በዚህም ላይ ይሠራል። እንግዲህ ከጎረቤት ሰውሪ፤ ከባለቤትሽና ከሐኪምሽ ግን አትሰውሪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር ሴት ስምንት ጊዜ እንድትታይ፣ የመጀመሪያውም ከ12ኛው ሳምንት እንዳያልፍ መክሯል፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያም ክትትሉ ያለ ክፍያ ነው። በዚያም 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ያለበትን የብረት ክኒን ይሰጡሻል። የነርቭ ቱቦው መዘጊያ ቀን በአንቺ ቍጥር በቅርቡ ሳያልፍ አይቀርም፤ ብትዘገዪም ግን ከመውሰድ አትቦዝኚ፤ ሁለተኛ ልጅ ስታስቢ ግን ከመፀነስሽ አስቀድመሽ ጀምሪ።

ጾሙን በሚመለከት፣ ምስሩና ጎመኑ እንዲያውም በፎሊክ አሲድ የበለጸጉ ናቸውና ጕዳቱ ከምግቡ ዓይነት አይደለም፤ ማቅለሽለሽሽን የሚያባብሰው እስከ ቅዳሴ መውጫ ባዶ ሆድ መዋሉ ነው። ለነፍስ አባትሽ ብትነግሪ ያቀልሉልሻል፤ እርሳቸውም ምስጢር ጠባቂ ናቸው። ከአልጋሽ ሳትወርጂ ጥቂት የገብስ ቆሎ ወይም ደረቅ ዳቦ ቅመሺ፣ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብዪ፣ የዝንጅብል ሻይም ብዙዎችን ረድቷል። ቡናውን ሰውነትሽ ራሱ ስለጠላልሽ ተዪው፤ ሲመለስልሽም ከአንድ ሁለት ስኒ አትለፊ፣ ከብረቱ ክኒን ጋርም አታገናኚው። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅርብሽ፤ ጠላና ጠጅም እንዲሁ።

የጠጣሽው ውኃ እንኳ የማይረጋልሽ ሆኖ ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ደም በብዛት ከፈሰሰሽ፣ ወይም ከእምብርትሽ በታች በአንድ ወገን ብርቱ ሕመም ተነሥቶ ራስሽን ካዞረሽ፣ ሌሊትም ቢሆን ወደ አዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ ሂጂ፤ የመጨረሻው ሕመም ጽንሱ ከማኅፀን ውጭ በቱቦ ውስጥ የመያዙ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሰዓታት ሕይወትን ይወስናሉ። ይህ ካልሆነ ግን የሚጠበቅብሽ ቀላል ነው፦ ነገ ጧት መርምሪ፤ ክኒኑን ከባለቤትሽ መሳቢያ አውጥተሽ ለጤና ጣቢያው ፋርማሲ መልሺ፤ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ምን ሆነሽ መጣሽ ብላ ስትጠይቅሽም፣ ጨጓራ ወይም ወባ ሳትዪ፣ «ወሬ ጥር 12 ነበር» ብለሽ ጀምሪላት።