ውሳኔው በስልክ ሲያልቅ ተጠቃሚው መጨረሻ ላይ ይሰማል

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 8 ቀን 2020 ሴንትኦኤስ በተባለው ነፃ የኮምፒዩተር ሥርዓት ሥራቸውን የሚያካሂዱ ድርጅቶች ያልጠበቁት ማስታወቂያ ደረሳቸው። እስከ 2029 ድረስ ድጋፍ ያገኛል ተብሎ የነበረው 8ኛው እትም በ2021 መጨረሻ እንደሚቋረጥ የሚገልጽ ነበር (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአሥር ዓመት ሒሳብ ሠርተው ሰርቨሮቻቸውን ወደ አዲሱ እትም ላዛወሩት የቀራቸው ጊዜ 13 ወር እንኳ አይሞላም።

ሴንትኦኤስ ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ ለድርጅቶች ከሚሸጠው የሊኑክስ ሥርዓት እየተቀዳ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ነበር። ሬድ ሃት ከ2014 ጀምሮ ሥራውን ሲደግፍ ቆይቷል፤ እሱም ራሱ በ2019 በ34 ቢሊዮን ዶላር የአይቢኤም ንብረት ሆኗል። ገንዘብ የሚያወጣ ኩባንያ ሐሳቡን ቢለውጥ ብዙም አይገርምም። ተጠቃሚውን ይበልጥ ያስቆጣው ጉዳዩ ለውይይት ሳይቀርብለት፣ ተመክሮበትና ተወስኖበት ካለቀ በኋላ መስማቱ ነው። ዋጋው በስልክ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ገበያ የደረሰ ነጋዴ ምን እንደሚሰማው ለዚህ ገጽ አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ከሴንትኦኤስ መሥራቾች አንዱ የሆነው ግሪጎሪ ኩርትዘር ወዲያውኑ ሮኪ ሊኑክስ የተባለ ምትክ ማዘጋጀት ጀመረ፤ አልማሊኑክስ የተባለ ሌላ ምትክም ተከተለ።

ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች የሚወስኑት የት ነው? ኦፕን ሶርስ ሲባል ማንኛውም ሰው የፕሮግራሙን ውስጠ ነገር አይቶ፣ አሻሽሎ መልሶ ሊያሰራጨው ይችላል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ክፍት ሆነ ማለት ግን ውሳኔው ክፍት ሆነ ማለት አይደለም። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው።

በ1995 አፓቺ የተባለውን የድረ ገጽ ማስተናገጃ ፕሮግራም የጀመሩት ስምንት ሰዎች በተለያየ ቦታ የሚኖሩ፣ የየራሳቸው እንጀራ ያላቸው ነበሩ። ሁሉም በአንድ ሰዓት ስልክ ላይ ሊገናኙ አይችሉም። ስለሆነም አንዱ የጻፈው ለሁሉም የሚደርስበት፣ ለማንም አንባቢ ተጠብቆ የሚቀመጥ የኢሜይል መድረክ አቋቋሙ። የደገፈ +1፣ የተቃወመ -1 ብሎ ይጽፋል። ድምፅ የመስጠት መብት ካላቸው አንዱ የቴክኒክ ምክንያቱን አስረድቶ ከተቃወመ የቀረበው የፕሮግራም ለውጥ ይታገዳል። በ1999 በሕግ የተቋቋመው የአፓቺ ፋውንዴሽንም ይህንኑ አሠራር ይዞ ቀጥሏል፤ በመድረኩ ላይ ያልተጻፈ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ድምፅ የሚሰጥበት ጊዜም በአብዛኛው ከ72 ሰዓት እንዲያንስ አይፈቀድም።

72 ሰዓት ለቸኮለ ሰው የሚያበሳጭ ነው። ነገር ግን በጥር ወር ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከረፋዱ 5 ሰዓት የሚደረግ የስልክ ስብሰባ አዲስ አበባ ላለው ባለሙያ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ያውም መብራትና ኔትወርክ ካለ። ኢሜይሉ ግን እስኪነጋ ይጠብቀዋል። በስልኩ ላይ ያልነበረ ሰው ውሳኔውን ብቻ እንጂ ምክንያቱን አያገኝም። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከደረሰበት ሙግቱን ትቶ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል፤ የሚቀሩት አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚደዋወሉ የአንድ ኩባንያ ተቀጣሪዎች ይሆናሉ።

በአንፃሩ ስልክ ጥቅም የለውም ማለት አይቻልም። በጽሑፍ ሳምንት የሚፈጅ ጭቅጭቅ በድምፅ በሩብ ሰዓት ሊበርድ ይችላል። የሊኑክስ ጀማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እንኳ በአደባባይ ይጽፋቸው ለነበሩት ሰው የሚያቆስሉ ኢሜይሎች በ2018 ይቅርታ ጠይቆ ለጊዜው ከሥራው ገለል ብሎ ነበር። በመሆኑም ልምድ ያላቸው ቡድኖች ስልክን አይከለክሉም፤ የተነጋገሩበትን ጽፈው ወደ መድረኩ ያመጣሉ፣ ተቃውሞ ካለ እዚያው ይሰማሉ፣ ውሳኔውም እዚያው ይሰጣል።

በምሥጢር መያዝ ያለበትም አለ። በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ የተገኘው ሜልትዳውን የተባለ የደኅንነት ክፍተት ለኩባንያው የተነገረው በጁን 2017 ሲሆን ለሕዝብ የተገለጸው በጃንዋሪ 3 ቀን 2018 ነው። መፍትሔው ሳይዘጋጅ ቢነገር ለሌባ በር መክፈት ይሆን ነበር። ያም ሆኖ ለጃንዋሪ 9 የተያዘው ቀጠሮ አልተጠበቀም፤ የሊኑክስ ሠሪዎች በግልጽ መድረካቸው ላይ ያልተለመደ ጥድፊያ ሲያሳዩ የተመለከቱ ሰዎች ነገሩን ገመቱት። ዜናው በወጣበት ዕለት የኢንቴል አክሲዮን ከ3 በመቶ በላይ ወረደ። የወቅቱ ዋና ሥራ አስፈፃሚ በኖቬምበር 2017 ወደ 24 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሸጠው ነበር። ኩባንያው ሽያጩ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም ቢልም ጥያቄው ለረጅም ጊዜ አልበረደም።

በነፃ ሶፍትዌር ላይ ሥራውን ለመመሥረት ያሰበ ባለሀብት ታዲያ ፈቃዱን ብቻ አንብቦ ባይፈርም ይሻለዋል። የመድረኩን የቆዩ ደብዳቤዎች ባለሙያው አንድ ከሰዓት በኋላ ቢያገላብጥለት ክፍያ አይጠየቅበትም። ትልልቅ ለውጦች ከመደረጋቸው በፊት ክርክር ተደርጎባቸዋል? ከአንድ ኩባንያ ውጭ ያሉ ሰዎች ተቃውመው ያስቀየሩት ነገር አለ? ወይስ ለውጡ «በስብሰባው በተስማማነው መሠረት» እየተባለ ተጠናቆ ነው የሚመጣው? የመጨረሻው ከሆነ ገዢው ከአንድ አቅራቢ ጋር እንደሚሠራ ይቁጠረው። ሐሺኮርፕ የተባለው ኩባንያ በኦገስት 2023 ቴራፎርም የተሰኘውን ፕሮግራሙን ከኦፕን ሶርስ ፈቃድ ሲያወጣ፣ ተጠቃሚዎቹ ኦፕንቶፉ የተባለውን ቅጂ ማቋቋም ግድ ሆነባቸው። አቅራቢ ለመቀየር የሚያስፈልገውን ወጪ ከመጀመሪያው በበጀት ውስጥ የያዘ ድርጅት እንዲህ ያለው ማስታወቂያ ሲደርሰው ቢያንስ የባንክ ደጅ አይጠናም።